ፕሪሚየም ቤንዚን ያዋጣል ወይ? በራሳችሁ መኪና እንዴት እንደምትለኩት

ከዱባይ ቨርጂኒያ ስገባ መጀመሪያ የገዛኋት መኪና የ2014 ካምሪ ነበረች። ባለ አራት ሲሊንደር ናት፤ ታንኳ 17 ጋሎን ይይዛል። ማደያ ገብቼ ማሽኑ ላይ 87 የሚል ቁጥር ሳይ ደነገጥኩ። ዱባይ ሾፌር ሆኜ ስሠራ የምቀዳው 95 ነበር። ከሱ በላይ 98 አለ። ዝቅተኛው እንኳን 91 ነው። «እንዲህ ያለ ደካማ ቤንዚን ለሞተር ይሰጣል እንዴ?» ብዬ ፕሪሚየም የሚባለውን 93 ተጫንኩ።

ሰባት ወር ሙሉ 93 ቀዳሁ። ኡበር ስለምሠራ በሳምንት ሦስቴ እቀዳለሁ። በየጋሎኑ 90 ሳንቲም ገደማ ጨምሬ ነበር የምከፍለው። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ስደምረው ከ1,000 ዶላር በላይ ሆነ። አገር ቤት መላክ የነበረበት ገንዘብ ነው። በምላሹ ምን እንዳገኘሁ ማወቅ ፈለግኩና መለካት ጀመርኩ። ስለካም ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። እናንተ እንዳትደግሙት መንገዱን እንዳለ ልንገራችሁ።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

የዱባዩ ቁጥርና የአሜሪካው ቁጥር የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። በዱባይ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ማደያዎች የሚጻፈው «ሮን» የሚባለው ልኬት ነው። አሜሪካ ግን ሮንን «ሞን» ከሚባል ጠንከር ያለ ልኬት ጋር ይደምሩና ለሁለት ያካፍሉታል። ሞን ሁልጊዜ ዝቅ ስለሚል አማካዩም ዝቅ ይላል። ስለዚህ የአሜሪካው 87 ከዱባዩ 91 ጋር ይቀራረባል። የአሜሪካው 93 ደግሞ ወደ 98 ይጠጋል። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሰባት ወር ሙሉ ባልከሰርኩ።

ሌላው ትልቅ ነገር ይኸውላችሁ። ኦክቴን፣ ማሽኑ ላይ የሚጻፈው ይህ ቁጥር፣ የጉልበት መለኪያ አይደለም። ፒስተኑ ቤንዚንና አየሩን ሲያምቀው፣ ቤንዚኑ ያለ ካንዴላው ትእዛዝ በራሱ እንዳይፈነዳ የሚቋቋምበት ልክ ነው። በራሱ ከፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል። ቱርቦ ያለው ወይም እመቃው ከፍ ያለ ሞተር ለዚህ ይጋለጣል፤ ከፍ ያለ ኦክቴን የሚፈልገውም ለዚህ ነው። ለ87 ተብሎ የተሠራ ሞተር ግን መጀመሪያውኑ አያንኳኳም። ስለዚህ 93 የሚከላከልለት ነገር የለም። አንድ ጋሎን ፕሪሚየምም በውስጡ የተለየ ኃይል አልያዘም።

ከፍታም ለውጥ አለው። ዴንቨር አካባቢ 85 የሚሸጠው፣ በተራራማ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ እመቃውም ስለሚላላ ነው። አዲስ አበባ ከዴንቨርም ትበልጣለች፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አገር ቤት ማደያ ስንገባ ምርጫችን ቤንዚን ወይ ናፍጣ ነበር። ስለ ኦክቴን ሳናስብ ያደግነው ለዚህ ነው።

የነዳጅ ክዳኑን ከፍታችሁ አንብቡ

ይህ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሁሉንም ነገር የሚወስነውም እሱ ነው። ክዳኑ ላይ ካልተጻፈ መኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ እዩ። ሦስት ዓይነት ቃል ታገኛላችሁ። 87 ብቻ ካለ ነገሩ አለቀ፤ 87 ቅዱ። «ሪኮሜንድድ» ካለ 91 ወይም ከዚያ በላይ ይመረጣል፣ 87ም ይሠራል ማለት ነው። «ሪኳየርድ» ካለ ግን ግዴታ ነው።

ግዴታ የሆነበት መኪና ላይ ለመቆጠብ አትሞክሩ። ጓደኛዬ ያገለገለ ቱርቦ መኪና ገዝቶ 87 ይቀዳ ነበር። ከተማ ውስጥ ምንም ችግር አላየም። በሐምሌ ሙቀት አራት ሆነን፣ ኤሲ ከፍተን ስካይላይን ድራይቭ የሚባለውን የቨርጂኒያ ተራራማ መንገድ ስንወጣ ግን ሞተሩ በብረት ሳጥን ውስጥ ጠጠር እንደሚናወጥ መጮህ ጀመረ። መኪኖች ኖክ ሴንሰር አላቸው። ማንኳኳት ሲሰማ ኮምፒውተሩ ካንዴላው የሚተኩስበትን ሰዓት ያዘገየዋል። ሞተሩን ለማዳን ጉልበትና ማይሌጅ (በአንድ ጋሎን የሚሄደውን ርቀት) ይሠዋል ማለት ነው። ጭነት፣ ዳገትና ሙቀት ሲደራረቡ ግን እሱም አይበቃም። ሞተሩ ቢጎዳ ደግሞ ዋስትናው ላይ ጥያቄ ሊነሳባችሁ ይችላል።

የዋጋውን ልዩነት በመቶኛ አስሉ

የፕሪሚየሙን (የ93ን) ዋጋ ለሬጉላሩ (ለ87) አካፍሉ። ሬጉላር 3.10፣ ፕሪሚየም 4.00 ዶላር ከሆነ 1.29 ይመጣል። ስለዚህ ፕሪሚየሙ እንዲያዋጣ በአንድ ጋሎን 29 በመቶ ርቆ ሊወስዳችሁ ይገባል። የኔ ካምሪ በ87 በጋሎን 28 ማይል ትሄዳለች። 93 ወጪውን እንዲመልስ 36 ማይል መሄድ ነበረባት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መልሱን ያገኛል። ካልበቃችሁ ግን ለኩት።

አለካኩ፤ እኔ የተሳሳትኩበት ቦታ

ዳሽቦርዱ ላይ የሚያሳየውን ማይሌጅ አትመኑት። የኔዋ 30 ስትል በእጅ ሳሰላው 28 ነበር። ትክክለኛው መንገድ ታንኩን መሙላት፣ የትሪፕ ቆጣሪውን ዜሮ ማድረግ፣ መንዳት፣ እንደገና መሙላት፣ ከዚያ የሄዳችሁትን ማይል አሁን ለቀዳችሁት ጋሎን ማካፈል ነው። ሲነገር ቀላል ነው። ከባዱ ነገር «ሞላ» የምትሉት ልክ ሁለቴም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በ93 ቤንዚን 342 ማይል ሄጄ ልሞላ ስገባ ማሽኑ 11 ጋሎን ላይ ቋ ብሎ ቆመ። ሳካፍለው 31 መጣ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ለጓደኞቼ ሁሉ «በጋሎን ሦስት ማይል ይጨምራል» ብዬ አወራሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስቀዳ፣ ያው 342 ማይል አካባቢ ሄጄ፣ 13.4 ጋሎን ገባ። 25.5 ሆነ። ያው መኪና፣ ያው ቤንዚን ነው። የተፈጠረው ምን ነበር? የመጀመሪያው ማደያ መሬቱ ያዘነበለ ነው። ማሽኑም በጣም ስለሚፈስ አረፋ ሠርቶ ታንኩ ሳይሞላ ቆመ። ሁለቱን ደምሬ ሳካፍል 684 ማይል ለ24.4 ጋሎን ሆነ። 28 ማለት ነው። ያ ሁሉ ደስታ የአንድ ጋሎን የአሞላል ስህተት ነበር። ከ12 ጋሎን ላይ አንድ ጋሎን ስትሳሳቱ ውጤቱ በ8 በመቶ ይዛባል። እኛ የምንፈልገው ልዩነት ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ስለዚህ አንድ ማደያ ምረጡ፤ እዚያው ማደያ አንዱን ማሽን ያዙ። መኪናውን በአንድ አቅጣጫ አቁሙ። የመሙያውን እጀታ ዝግ ባለው ፍሰት ላይ አድርጉት። መጀመሪያ ቋ ሲል አቁሙ፤ ዶላሩን ለማሟላት ብላችሁ አትጨምሩ። ከቋ በኋላ መጨመር ልኬቱን ያበላሻል። ከዚያም በላይ የቤንዚን ትነት የሚይዘውን የከሰል ማጣሪያ ሊያበላሽ ይችላል። እሱን ማስቀየር ርካሽ አይደለም።

የሁለተኛው ስህተቴ ወቅቱ ነው። 93ን በጥቅምት፣ 87ን በታኅሣሥ መጨረሻ ለካሁ። 87 በጣም አንሶ ታየኝ። ነገር ግን ብርዱ ነበር የበላው። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ መረጃ እንደሚለው፣ ከተማ ውስጥ የሚነዳ መኪና 25 ሴንቲግሬድ ላይ ከሚሄደው ይልቅ ከዜሮ በታች 7 ላይ 15 በመቶ ገደማ ያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱን ቤንዚኖች በተከታታይ ሳምንታት ለኩ። መጀመሪያ 87፣ ቀጥሎ 93፣ በመጨረሻ ተመልሳችሁ 87። የመጀመሪያውና የመጨረሻው 87 ካልተቀራረቡ በመሐል ሌላ ነገር ተለውጧል ማለት ነው፤ ውጤቱን ጣሉት።

ቤንዚን ስትቀይሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ታንኮች አትቁጠሩ። ታንኩ ውስጥ የቀረው ይቀላቀላል። እኔ 4 ጋሎን ሲቀረኝ 13 ጋሎን 93 ስጨምር፣ ታንኩ ውስጥ ያለው 91.6 ነው የሚሆነው። ለሁለተኛ ጊዜ ስቀዳ 92.7 ይደርሳል። ኮምፒውተሩም አዲሱን ቤንዚን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሦስት ታንክ ለኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ውድ ቤንዚን የቀዳ ሰው እግሩ ይለሰልሳል። ሳያውቀው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ፍሬን ይቀንሳል። እኔ ራሴ ላይ አይቼዋለሁ። የሚረዳችሁ ካለ፣ ባለቤታችሁ ወይም ወንድማችሁ ይቅዳላችሁ። የትኛውን እንደቀዳ ሙከራው እስኪያልቅ አይንገራችሁ። እኔ ታናሽ ወንድሜን ነው የያዝኩት፤ ደረሰኞቹን እሱ ጋ አስቀመጠ።

የኔ ውጤት

በ87 ሦስት ታንክ፦ 28.3፣ 28.2፣ 27.7። በ93 ሦስት ታንክ፦ 28.4፣ 28.4፣ 28.0። ልዩነቱ አንድ በመቶ አይሞላም። የ87 ሦስቱ ታንኮች እርስ በርስ የሚለያዩት ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ልዩነት አለ ለማለት አልችልም። ዋጋው ግን 29 በመቶ ይለያያል።

ከዚያ ወዲህ ካምሪዬ 87 ብቻ ነው የምትጠጣው።

«ይመረጣል» ለሚል መኪና

እዚህ ላይ ትንሽ ይለያል። የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር፣ ትሪፕል ኤ፣ በ2017 ፕሪሚየም የሚመረጥላቸውን መኪኖች ፈትሾ ነበር። ፕሪሚየም ሲቀዱ ማይሌጃቸው በአማካይ 2.7 በመቶ ጨመረ። ከሁሉም የተጠቀመው የካዲላክ ኤስካሌድ ሲሆን 7.1 በመቶ ደረሰ። ኦዲ ኤ3 ደግሞ አንድ በመቶ ቀነሰ። ከሁሉ የተሻለው 7.1 እንኳ ወደ 29 አይጠጋም። ስለዚህ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ፕሪሚየም አትቅዱ። ዕቃ የሚጎትት፣ በሙቀት ዳገት የሚወጣ፣ ጉልበቱን የሚፈልግ ሰው ግን ቢቀዳ አልከራከረውም። እሱ የሚከፍለው ለጉልበት ነው።

መኪናችሁ 89 የሚል ከሆነ፣ ብዙ ማደያ ላይ 89 የሚባለው ማሽኑ 87ና 93ን ደባልቆ የሚሰጣችሁ ነው። ሁለት እጅ 87፣ አንድ እጅ 93 ብትቀዱ ራሳችሁ 89 ታገኛላችሁ። ባልኩት ዋጋ በጋሎን 3.40 ይመጣል። የማደያው 89 ከዚህ ከበለጠ ራሳችሁ ቀላቅሉ።

በጠርሙስ የሚሸጠውን የኦክቴን ማሳደጊያ ግን ተዉት። ጠርሙሱ ላይ «10 ነጥብ ይጨምራል» ሲል አንድ ኦክቴን ማለቱ ነው። አሥሩ ነጥብ አንድ ቁጥር ነው። ከ87 ወደ 97 የሚወስድ መስሏቸው የሚገዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ገንዘቡን የት ላድርገው ካላችሁ

«ፕሪሚየም ሞተር ያጸዳል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የሚያጸዳው ኦክቴኑ ሳይሆን የማጽጃ ቅመሙ ነው። «ቶፕ ቲር» የሚል ምልክት ያለበት ማደያ በሁሉም ዓይነት ቤንዚኑ ላይ፣ 87ንም ጨምሮ፣ በቂ ማጽጃ መጨመር ግዴታው ነው። ይህን ደረጃ ቢ ኤም ደብሊው፣ ጀነራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ በ2004 ያወጡት ነው። ትሪፕል ኤ በ2016 ሲፈትሽ ደረጃውን ያላሟላ ቤንዚን በቫልቮች ላይ 19 እጥፍ ቆሻሻ ትቶ ተገኘ። ስለዚህ ቶፕ ቲር የሆነ 87 ፈልጉ። ኮስትኮም አንዱ ነው።

ከዚያ ጎማችሁን ለኩ። የአራቱም ጎማ ንፋስ በአንድ ፒ ኤስ አይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ሲቀንስ ማይሌጁ በ0.2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 10 ከቀነሰ 2 በመቶ ሆነ። ያ ትሪፕል ኤ በፕሪሚየም አገኘው ለተባለው ጭማሪ የቀረበ ነው፤ በነፃ ታገኙታላችሁ። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ለኩት። ሀይዌይ ላይም 75 የምትነዱትን ወደ 65 አውርዱ። ከ50 ማይል በላይ ፍጥነት ነዳጅን በጣም ነው የሚበላው።

በስህተት 87 ከቀዳችሁ

ፕሪሚየም ግዴታ በሆነበት መኪና ላይ ይህ ሲሆን ሰው ይደነግጣል። ታንኩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አታስወጡ፣ መካኒክ ጋም አትሩጡ። ነዳጁን በኃይል አትርገጡ። ዳገትና ከባድ ጭነት ካለ አቆዩት። ሩብ ያህል ስትጠቀሙ 93 ጨምሩበት፤ ከዚያም በየሩቡ መልሳችሁ 93 ሙሉ። ማንኳኳት ከሰማችሁ እግራችሁን አንሱ፤ ካልቆመ ዳር ይዛችሁ ቁሙና መካኒክ ጥሩ።