ቁልፉ ይዞራል፣ መኪናዋ አትነሳም፦ ሞተሪኖውን ከመንቀላችሁ በፊት

ፒያሳ ጉዳዬን ጨርሼ ወደ መኪናዬ ስመለስ መሽቷል፣ ይዘንባል። ያቆምኳት ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ቁልፉን አዞርኩ። «ጣ» አለች። አንዴ ብቻ። ከዚያ ጭጭ። ደግሜ አዞርኩ፤ ያው «ጣ»።

ሦስት ልጆች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ኮፋኖው አጠገብ ቆመዋል። «ፋዘር፣ እንግፋው እንዴ?» ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው አልኳቸው። «አይ፣ በቃ ተወው» ብለው ሄዱ። ልክ ናቸው። አውቶማቲክ መኪና በግፊት አይነሳም።

በማግስቱ አንድ ባለሙያ መጥቶ አየና «ሞተሪኖው አልቆለታል» አለኝ። ገዛሁ፣ ቀየርኩ፣ ተነሳች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያችው «ጣ» ተመለሰች። ጥፋተኛው ሞተሪኖው አልነበረም። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ ከፕላስቲኩ ስር አረንጓዴ ሆኖ ተበልቶ ነበር። አዲሱን ስገጥም ገመዱን ነካክቼው ስለነበር ለጊዜው ተገናኘ እንጂ አልዳነም። ደህናው አሮጌ ሞተሪኖ እስከ ዛሬ ጓዳ ተቀምጧል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ከመፍቻ ሳይሆን ከጆሮ ነው።

የሞተሪኖው ሥራ ምንድነው?

ሞተሪኖ ከጣሊያን የወረስነው ቃል ነው፣ ትንሽ ሞተር ማለት ነው። ቁልፉ ሲዞር ከባትሪው ብዙ ጊዜ ከ100 አምፒር በላይ ይስብና ጥርሱን አስወጥቶ ቮላኖውን፣ ከትልቁ ሞተር ጋር የሚዞረውን ባለጥርስ ክብ ብረት፣ ይነክሳል፣ ትልቁን ሞተር ያዞራል። ጀርባው ላይ የተጫነችው ትንሽ ሲሊንደር ሶሌኖይድ ትባላለች። ጥርሱን የምትገፋውም፣ ዋናውን ኤሌክትሪክ የምታገናኘውም እሷ ናት። ያ «ጣ» የእሷ ድምፅ ነው። «ጣ» ከሰማችሁ ቢያንስ የቁልፉ ትእዛዝ ደርሷል ማለት ነው።

«ጠጠጠጠጠ» ካለ

ባትሪ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙን ጊዜ ባትሪ ነው ብል አላጋነንኩም። ሶሌኖይዷ ትይዛለች፣ ባትሪው አቅም ያጣል፣ ትለቃለች፣ ደግማ ትይዛለች።

ሌሊቱን ያደረ ሙሉ ባትሪ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ቁልፉ እየዞረ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። በደህና ባትሪ ወይም ከሌላ መኪና በገመድ ስትሞክሩ ወዲያው ከተነሳች ሞተሪኖውን እርሱት። ከተነሳች በኋላ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ያንን ካላያችሁ ዲናሞው አይሞላም፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም ነገ ያው ናችሁ።

«ጣ» አንዴ ብሎ ዝም ካለ

እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ማታ መኪናዋን ፊቷን ወደ ግድግዳ አቁሙና የፊት መብራቱን አብሩ። ግድግዳውን እያያችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ድርግም ብሎ ከሞተ ባትሪው ወይም የባትሪው ማሰሪያ ላይ ችግር አለ። መብራቱ ምንም ሳይሆን «ጣ» ብቻ ካለ ሶሌኖይዷ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙት መዳቦች ተበልተው ይሆናል፣ ወይም ሞተሪኖው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ካርቦኖች አልቀዋል፣ ወይም እንደ እኔው ገመድ ነው።

የባትሪውን ሁለት ማሰሪያዎች በእጃችሁ ለማዞር ሞክሩ። ከተነቃነቁ ላልተዋል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ፍቷቸው፣ ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ። ሙቅ ውሃ አፍስሱበት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት፣ አድርቁና በብርጭቆ ወረቀት ውስጡን አንጹት።

ቀጥሎ ገመዱ። ቴስተሩን 20 ዲሲ ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያዙ። ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ኤሌክትሪኩን እየበላው ነው። የእኔው ከ2 በላይ አሳየ። ይህን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ቀድሜ ባደርግ ኖሮ የሞተሪኖ ዋጋ ኪሴ ይቀር ነበር።

ገመዱ ደህና ከሆነ የድሮው የመዶሻ ዘዴ አለ። ሰው ቁልፉን እያዞረ እናንተ በመዶሻው እጀታ የሞተሪኖውን ጎን ቀስ እያላችሁ ምቱ። ከተነሳች ካርቦኖቹ ወይም መዳቦቹ ማለቃቸው ነው። ይሄ መድኃኒት አይደለም፣ ወደ ቤት መግቢያ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ እየደበደበ የሚነዳ ጎረቤት ነበረኝ፤ ጨረሰው።

ምንም ድምፅ ከሌለ

አውቶማቲክ ከሆነች መጀመሪያ ማርሹን ከፒ (ማቆሚያ) ወደ ኤን (ባዶ ማርሽ) አድርጋችሁ ሞክሩ። በኤን ከተነሳች ችግሩ ብዙ ጊዜ የማርሹ ስዊች ነው። በእጅ ማርሽ መኪና ላይ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡ፤ አንዳንዶቹ እሱ ካልተረገጠ አይሰሙም። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ቢበራ ወይም ብልጭ ድርግም ቢል መኪናዋ ቁልፉን አላወቀችውም። ከዚያ ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) እዩ። ብዙ ጊዜ በሪሌ ሳጥኑ ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ ሪሌ ይገኛል፣ ቦታ አቀያይራችሁ ሞክሩ።

ሁሉም ደህና ከሆነ ሶሌኖይዷ ላይ የምትገባውን ቀጭን ገመድ ለኩ። ቁልፉ ሲዞር 12 ቮልት ገደማ እየደረሳት ዝም ካለች ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው። ካልደረሳት ከእሱ በፊት ያለውን ፈልጉ።

ሌሎቹ ድምፆች

«ዥዥዥ» ብሎ ባዶውን ከዞረ ጥርሱ አይነክስም፤ ሞተሪኖው ይወርዳል። «ክርርር» የሚል የብረት ጩኸት ከሆነ የሞተሪኖው ቡሎኖች ላልተዋል ወይም የቮላኖው ጥርስ ተበልቷል። የቮላኖው ከሆነ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ የቤት ሥራ አይደለም። ቁልፉን ለቃችሁት ማዞሩን ካላቆመ የሶሌኖይዷ መዳቦች ተጣብቀዋል። ሞተሩን አጥፉና ሮጣችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። እያዞረ እያዞረ ካልተነሳች ግን ሞተሪኖው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ቤንዚን ወይም ካንዴላ ጋ ሂዱ። ከ10 ሰከንድ በላይ በአንድ ትንፋሽ አታዙሩ፣ አንድ ደቂቃ ይረፍ።

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ

አሮጌውን አውርዳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «የቪትዝ ነው»፣ «የኮሮላ ነው» ማለት አይበቃም፤ አንዱ መኪና እንደ ሞተሩ የተለያየ ሞተሪኖ አለው። ጎን ለጎን አስቀምጡና የጥርሱን ቁጥር፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት፣ የሶኬቱን ቅርፅ አስተያዩ።

ካልሞከራችሁ አትክፈሉ። ሻጩ ሞተሪኖውን መሬት አስቀምጦ በእግሩ ይረግጠዋል፤ ካልተረገጠ ይዘላል። ወፍራሙን ገመድ ያስርና በቀጭን ሽቦ ሶሌኖይዷን ይነካታል። ጥርሱ ጧ ብሎ ወጥቶ እየዞረ፣ ሽቦው ሲነሳ ወዲያው መመለስ አለበት። እየተንቀረፈፈ የሚመለስ ከሆነ ሌላ ይምጣ።

ከመግዛት በፊት ግን ማስጠገንን አስቡ። ያለቁት ካርቦኖቹ ወይም ሁለቱ መዳቦች ብቻ ከሆኑ የሞተሪኖና ዲናሞ ሠሪዎች ይቀይሩላችኋል፣ ወጪውም አይገናኝም። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ማቆየት ግድ ሆኗል። ደህና ኦርጅናል አካል ያለውን ሞተሪኖ በርካሽ አዲስ መለወጥ ለእኔ አይዋጥልኝም።

መፍታትና መግጠም

ሜዳ ቦታ አቁሙ። ፒያሳና አራት ኪሎ ዙሪያ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ። ከስር መግባት ካለባችሁ ክሪክ ብቻ አምናችሁ አትግቡ፤ የብረት መቆሚያ ይኑር። ሞተሩ ይቀዝቅዝ።

በ10 ቁጥር መፍቻ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና ወደ ጎን አርቁት። ይሄ ቀልድ የለውም። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ነው የሚመጣው፣ አብዛኛው መኪና ላይ ፊውዝ የለውም። መፍቻው ብረት ከነካ እሳት ነው።

ሞተሪኖው ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ጋ ታስሯል። የእኔ ላይ ባትሪውን ካወጣሁ በኋላ እጄ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ላይ ከስር ብቻ ነው። ገመዶቹን በስልክ ፎቶ አንሱ። የቀጭኑን ሶኬት ጥርስ ጫን ብላችሁ ሳቡ፣ ገመዱን ይዛችሁ አትጎትቱ። የወፍራሙን ዳዶ ፍቱ። ቶዮታ ላይ ሁለቱ ዋና ቡሎኖች ብዙ ጊዜ 14 ቁጥር ናቸው፤ ቡሶላና ረጅም ማስረዘሚያ ያስፈልጋል። የመጨረሻውን ስትፈቱ በሌላ እጃችሁ ደግፉት፣ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል።

በቀዳዳው በኩል የቮላኖውን ጥርስ በስልክ መብራት እዩት። ሞተሪኖው የሚቀመጥበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት አንጹ። የእሱ ኔጌቲቭ የራሱ አካል ነውና ዘይትና ዝገት ላይ ከተቀመጠ እንደ እኔው ገመድ ይሆናል። ቡሎኖቹን በእጅ ጀምሯቸው፣ ጠማማ ገብቶ ጥርሱን እንዳይበላ። ከዚያ አጥብቁ፣ ገመዶቹን መልሱ፣ የወፍራሙ ጫፍ ሌላ ብረት አለመንካቱን እዩ። ኔጌቲቩ መጨረሻ ይታሰራል።

ቁልፉን አዙሩ። ሬዲዮውና ሰዓቱ ዜሮ ሆነው ይጠብቋችኋል።