አሊያሱ ተቀይሯል፣ ዳሽቦርዱ ግን ባዶ ነው፦ የኤላስቲክሰርች ፊልድ አሊያስ ችግሮችና መፍትሄዎች

ሎግ (ሲስተሞች የሚጽፉት የክንውን መዝገብ) ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ዌብ ሰርቨሩ የተጠቃሚውን አድራሻ «ክላየንት_አይፒ» ብሎ ይልካል። ፋየርዎሉ «ኤስአርሲ_አይፒ» ይለዋል። አዲስ የመጣው ሲስተም ደግሞ በኢሲኤስ (የኤላስቲክ የጋራ የፊልድ ስያሜ ደንብ) «ሶርስ.አይፒ» ይላል። ፊልድ አሊያስ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሎጉን ሳንነካ ለአንዱ ፊልድ (በሎጉ ውስጥ የራሱ ስም ላለው መረጃ) ሌላ ስም እንሰጠዋለን። ሎጉ በሚከማችበትና በሚፈለግበት ኤላስቲክሰርች ውስጥ ከ6.4 ስሪት ጀምሮ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ቢትስ (ሎግ ሰብስበው የሚልኩት ፕሮግራሞች) ወደ 7.0 ሲያልፍና የፊልድ ስሞቹ በብዛት ሲለወጡ፣ የድሮ ዳሽቦርዶችን ያቆየልን እሱ ነበር።

ክላስተሩ (ኤላስቲክሰርች የሚሠራባቸው ሰርቨሮች) ጤነኛ መሆኑን፣ ፈቃድ እንዳላችሁና ጥሪው የሚጻፍበት ጄሰን ኮማ እንዳልጎደለው አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ወደ ኤፒአይው የላካችሁት ጥሪ ራሱ ሲወድቅ

አሊያስ ወደ ነባር ፊልድ ማመልከት አለበት የሚል ስህተት ከመጣ፣ ፓዝ ላይ (አሊያሱ የሚያመለክትበት ስም) የጻፋችሁት ፊልድ በዚያ ኢንዴክስ (ሎጎቹ የሚቀመጡበት ክፍል) ማፒንግ (የፊልዶቹና የዓይነታቸው ዝርዝር) ውስጥ የለም። መጀመሪያ ሙሉ ስሙን መጻፋችሁን እዩ፤ «አይፒ» ሳይሆን «ሶርስ.አይፒ»። ስሙ ልክ ከሆነ፣ ፊልዱ በዳይናሚክ ማፒንግ፣ ማለትም ሎግ ሲገባ በራሱ፣ የሚፈጠር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ሎግ እስኪገባ ድረስ የለም። አሊያሱ የሚያመለክትበትን ፊልድ ከነዓይነቱ አሊያሱ ባለበት ቴምፕሌት (አዳዲስ ኢንዴክሶች የሚፈጠሩበት ንድፍ) ውስጥ ጻፉት።

አሊያስ ወደ ሌላ አሊያስ ወይም ወደ ኦብጀክት (ሌሎች ፊልዶችን በውስጡ የያዘ ፊልድ) አያመለክትም። ኔስትድ (ለብቻው የሚፈለግ የኦብጀክት ዓይነት) ካለ አሊያሱና ፊልዱ በአንድ ኔስትድ ውስጥ መሆን አለባቸው።

ዓይነቱን ከኪወርድ (የተራ ጽሑፍ ፊልድ ዓይነት) ወደ አሊያስ መቀየር አይቻልም የሚል ስህተት ከመጣ አትታገሉት። አንድ ስም በአንድ ኢንዴክስ ውስጥ እውነተኛ ፊልድ ሆኖ ከተመዘገበ አበቃ፤ ከማፒንጉ መሰረዝም አይቻልም። ወይ ሪኢንዴክስ ታደርጋላችሁ (ሰነዶቹን ወደ አዲስ ኢንዴክስ ትገለብጣላችሁ)፣ ወይ ቴምፕሌቱን አስተካክላችሁ ቀጣዩን ኢንዴክስ ትጠብቃላችሁ። ቀድሞ የነበረ አሊያስን ወደ ሌላ ፊልድ ማዞር ግን ይቻላል፤ ወዲያውም ይሠራል።

ጥሪው ተሳክቶ ውጤቱ ባዶ ሲሆን

አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። «ኤፒአይው ተቀብሎኛል እኮ!» ይሉኛል። አዎ፣ ተቀብሏል።

አሊያስ የሚኖረው በእያንዳንዱ ኢንዴክስ ማፒንግ ውስጥ ነው። ከኢንዴክሶቹ በላይ የተቀመጠ አንድ የጋራ የአሊያስ መዝገብ የለም። ሠላሳ የቀን ኢንዴክስ ካላችሁ፣ ያሏችሁ ስማቸው አንድ የሆነ ሠላሳ አሊያሶች ናቸው። አንዱን ብትነኩ ሃያ ዘጠኙ አይሰሙም። ይባስ ብሎ፣ በሌለ ፊልድ ስትፈልጉ ኤላስቲክሰርች ስህተት አይመልስላችሁም። ዜሮ ውጤት ይሰጣችኋል፣ ሁሉም ነገር ሰላም እንደሆነ ሁሉ።

ይህን በደንብ የተማርኩት በአንድ አላርት (ማንቂያ) ነው። ባልደረባዬ «ሶርስ.አይፒ» የሚል አሊያስ ወደ «ክላየንት_አይፒ» እንዲያመለክት አድርጎ በዕለቱ ኢንዴክስ ላይ ጨመረ። ፈተነው፣ ሠራ። አንድ አድራሻ ደጋግሞ የይለፍ ቃል ሲሳሳት የሚጮኸውን አላርት በአዲሱ ስም ጻፈውና ወደ ቤቱ ሄደ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አዲስ ኢንዴክስ ተፈጠረ። ለምን 9 ሰዓት? ሎጉን ወደ ኤላስቲክሰርች የሚያስገባው ሎግስታሽ የቀን ኢንዴክሱን የሚሰይመው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው፤ የዩቲሲ እኩለ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አዲሱ ኢንዴክስ የተፈጠረው ከቴምፕሌቱ ነው፣ ቴምፕሌቱ ውስጥ ደግሞ አሊያሱ አልነበረም። አላርቱ ለሦስት ቀን ጭጭ አለ። እኛም ደስ ብሎን ነበር። በአራተኛው ቀን ለሌላ ጉዳይ ጥሬውን ሎግ ስከፍት ያ ሁሉ ሙከራ አለ፦ አንድ አድራሻ፣ በየሁለት ሴኮንዱ፣ ገጽ በገጽ። ደሜ ቀዘቀዘ።

መፍትሄው ሁለት ቦታ መንካት ነው። ቴምፕሌቱን ቀይሩ፣ ለሚመጡት። ያሉትን ኢንዴክሶች ደግሞ በማፒንግ ጥሪ ቀይሩ። ቴምፕሌት ብቻ የቀየረ ሰው ተቃራኒው ይደርስበታል፦ ቴምፕሌት ቀድሞ የተፈጠረን ኢንዴክስ አይነካም። ዳታ ስትሪም (በአንድ ስም የሚጠሩ ተከታታይ ኢንዴክሶች) ከሆነ ሮልኦቨር እስካልተደረገ፣ ማለትም አዲስ ኢንዴክስ እስካልተከፈተ ድረስ ለውጡን አታዩትም። በእጃችሁ ሮልኦቨር አድርጉና ወዲያው ፈትሹ።

ቴምፕሌቱንም ቀይራችሁ አሁንም ከጠፋ፣ ሌላ ቴምፕሌት እየበለጠው ነው። አዲሶቹ ኢንዴክስ ቴምፕሌቶች አይደመሩም፤ ስሙ ከገጠማቸው መካከል ፕራዮሪቲው (የቅድሚያ ቁጥሩ) ከፍ ያለው አንዱ ብቻ ይሠራል። የድሮዎቹ ሌጋሲ ቴምፕሌቶች ደግሞ አዲስ ቴምፕሌት ከገጠመ ጭራሽ አይታዩም። አንድ ሰው «ለሙከራ» ብሎ ፕራዮሪቲ 500 ሰጥቶ ትቶት የሄደውን ቴምፕሌት ስፈልግ ግማሽ ቀን ጠፍቶብኛል። እባካችሁ የሙከራ ቴምፕሌታችሁን አጥፉ። ለመፈለግም አትድከሙ፤ ሲሙሌት ኢንዴክስ የሚለውን ጥሪ የነገውን ኢንዴክስ ስም ሰጥታችሁ ጥሩት። የትኞቹ ቴምፕሌቶች ገጥመው እንደተሸነፉ፣ ማፒንጉም ምን እንደሚመስል ይነግራችኋል፤ ምንም ሳይፈጥር።

አሊያሱን ሲያዞሩ የድሮው ሎግ ሲጠፋ

ይህ ከላይኛው ጋር ዘመድ ነው፣ ግን የሚያስደነግጠው ይብሳል። አፕሊኬሽኑ ከዛሬ ጀምሮ «ክላየንት_አይፒ» መላክ ትቶ «ሪሞት_አይፒ» መላክ ጀመረ እንበል። የቸኮለ ሰው አሊያሱን በሁሉም ኢንዴክሶች ላይ በአንድ ጥሪ ወደ «ሪሞት_አይፒ» ያዞራል። የድሮዎቹ ኢንዴክሶች አዲሱን ፊልድ ስለማያውቁት ጥሪው ይወድቃል። እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን አዲሱን ፊልድ በዚያው ጥሪ አብሮ ይጨምረዋል፣ ጥሪውም ያልፋል። አሁን በድሮዎቹ ኢንዴክሶች አሊያሱ የሚያመለክተው ባዶ ፊልድ ላይ ነው። የስድስት ወር ታሪክ ከዳሽቦርዱ ላይ ጠፋ።

እንዲህ ካደረጋችሁ አትሸበሩ፤ ደግሞም ምንም አትሰርዙ! ሎጉ እንዳለ አለ። በድሮዎቹ ላይ አሊያሱን ወደ «ክላየንት_አይፒ» መልሱት፣ ታሪኩ ወዲያው ይመለሳል። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው፦ ቴምፕሌቱ ላይ አሊያሱን ወደ አዲሱ ፊልድ አዙሩ፣ ሮልኦቨር አድርጉ፣ የድሮዎቹን ተዉአቸው። እያንዳንዱ ኢንዴክስ የራሱን አሊያስ መያዙ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ የድሮው ወደ ድሮው ፊልድ፣ አዲሱ ወደ አዲሱ እያመለከተ በአንድ ስም ሁሉንም ትፈልጋላችሁ። ሁለቱ ፊልዶች ግን አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱ ኪወርድ ሌላው አይፒ ከሆነ ዳሽቦርዱ የሚሠራበት ኪባና ግጭት አለ ይላችኋል። በዳታ ስትሪም ላይ ማፒንግ ጥሪ ስታደርጉም ስር ያሉትን ኢንዴክሶች ሁሉ እንደሚነካ አትርሱ። የሚጻፍበትን ብቻ ከፈለጋችሁ «ራይት_ኢንዴክስ_ኦንሊ» የሚለውን እውነት አድርጉት።

ሎግ መግባት ሲያቆም

ላኪው በአሊያሱ ስም ፊልድ ከላከ ሰነዱ ሙሉ በሙሉ ውድቅ ይሆናል፤ አሊያስ ላይ አይጻፍም። ልብ በሉ፣ የበልክ ጥሪው (ብዙ ሰነድ በአንዴ የሚያስገባው) 200፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ይመልሳል። ውስጡን ገብታችሁ «ኤረርስ» የሚለው እውነት መሆኑን ካላያችሁ አታውቁትም። ሎግስታሽ እንዲህ ያለውን ሰነድ ይጥለዋል፤ ዴድ ሌተር ኪውን (ውድቅ የሆኑ ሰነዶች የሚቆዩበትን) ቀድማችሁ ካላበራችሁት መልሶ ማግኛ የለም። ስለዚህ ቀድማችሁ አብሩት። ስሙንም ወይ ላኪው ላይ፣ ወይ በኢንጀስት ፓይፕላይን (ኤላስቲክሰርች ሰነዱን ከማስቀመጡ በፊት የሚያስተካክልበት) ቀይሩት።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

አሊያሱ በሶርስ (እንደገባ በተቀመጠው ዋናው ሰነድ) ውስጥ አይታይም፣ ሶርስ ማጣሪያም አያውቀውም፤ «ፊልድስ» በሚለው አማራጭ ጠይቁ። የፊልድ ደረጃ ፈቃድ (ማን የትኛውን ፊልድ ያያል የሚለውን) በአሊያስ ስም አትስጡ፤ በእውነተኛው ፊልድ ስም ስጡ። ፐርኮሌተር (ጥያቄዎችን አስቀምጦ ሰነድ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚያይ) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ቀድመው የተቀመጡት ጥያቄዎች አሊያሱ ከዞረም በኋላ የድሮውን ፊልድ እንደያዙ ይቀራሉ፤ እንደገና አስገቧቸው።

ከማንኛውም ለውጥ በኋላ ደግሞ የፊልድ ማፒንግ ጥሪውን በአሊያሱ ስም፣ በሁሉም ኢንዴክሶች ላይ ጥሩ። የትኛው ኢንዴክስ ወደ የት እንደሚያመለክት አንድ በአንድ ታዩታላችሁ። ይህን በማግስቱ ጠዋት፣ አዲሱ ኢንዴክስ ከተፈጠረ በኋላ፣ አንዴ ድገሙት።