በ«ሃይፖ» እና በ«ሃይፐር» የሚጀምሩትን የሳይንስ ቃላት እንዴት መፍታት ይቻላል

ድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ገበያ የገዛሁት የበረኪና ጠርሙስ ላይ በደቃቅ ፊደል «ሶዲየም ሃይፖክሎራይት» ተብሎ ተጽፏል። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑት ጎረቤቴ የሐኪም ወረቀት ላይ ደግሞ «ሃይፖግላይሴሚያ» ይላል። በረኪናና ስኳር የሚጋሩት መነሻ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ቃሉን በተርታ መፍታት ይበቃል።

በመጀመሪያ መነሻውን ለይተው ያውጡ። ሁለቱም ቅድመ ቅጥያዎች ከግሪክ መስተዋድዶች የመጡ ናቸው፤ «ሃይፖ» ከሥር ወይም ከበታች፣ «ሃይፐር» ከላይ ወይም ከልክ በላይ ማለት ነው። ግእዝ የቀመሰ ሰው «ታሕተ» እና «ላዕለ» ብሎ ቢይዛቸው አይጠፉበትም። ጉማሬን በእንግሊዝኛ «ሂፖ» ማለት ግን ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ የዚያ ምንጭ በግሪክ ፈረስ ማለት የሆነው «ሂፖስ» ነው።

ቀጥሎ የቀረውን ከጭራው ወደ ፊት ያንብቡ። «ኤሚያ» ደምን ከሚያመለክተው «ሃይማ» የመጣ ሲሆን «ግላይስ» ጣፋጭ ከሚለው ቃል ነው፤ ስለዚህ ሃይፖግላይሴሚያ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች መውረዱን ይናገራል፤ ለስኳር ሕመምተኛ መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ነው። ጭራው ሁልጊዜ የግሪክ አይሆንም፤ የደም ግፊት የምንለው «ሃይፐርቴንሽን» መነሻው የግሪክ፣ ቀሪው የላቲን ነው።

ከዚያ «ከሥር» የተባለው ቦታን ይሁን መጠንን ይለዩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከቆዳ ሥር የሚወጋው «ሃይፖደርሚክ» መርፌ በቀጥታ ቦታን ሲያመለክት፣ የሰውነት ሙቀት መውረድ የሆነው «ሃይፖተርሚያ» መጠንን ያመለክታል። የበረኪናውም ጉዳይ የመጠን ነው፦ ክሎራይት ከአንድ ክሎሪን ጋር ሁለት ኦክስጅን ሲይዝ፣ ሃይፖክሎራይት አንድ ብቻ ይይዛል።

በመጨረሻ የሰሙትን በአማርኛ መልሰው ያረጋግጡ። በተለይ በስልክ ሲነገሩ ሁለቱ መነሻዎች በቀላሉ ይምታታሉ፤ ነገር ግን ስኳሩ ለወረደበት ሰው የሚሰጠው ጣፋጭ መጠጥ ስኳሩ ለወጣበት ሰው የሚያባብስ ነው። ስለዚህ ቃሉን ከመድገም ይልቅ «ወርዶ ነው ወይስ ወጥቶ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።