ክሊከሩ መጥሪያ አይደለም! ለማዳ አይጥ (እና ሌላም እንስሳ) ስታሰለጥኑ ተዉ የምላችሁ ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ልጅ "አይጤ ክሊከር አልገባትም፣ ደነዝ ናት መሰለኝ" ብሎ ቪዲዮ ላከልኝ (ክሊከር ማለት ለስልጠና የምንጠቀምበት፣ ሲጫኑት ቀጭ የሚል ትንሽ የእጅ ዕቃ ነው)። ከፈትኩት። ኬጁ በር ላይ ቁጭ ብሎ እንድትወጣለት ክሊክ ክሊክ ክሊክ ያደርጋል፣ እሷ ደሞ ክሊክ ባለ ቁጥር ወደ መደበቂያ ሳጥኗ ጥግ ትገባለች። ሁለት ደቂቃ ሙሉ አንዲት ፍሬ እንኳን አልሰጣትም። ይሄንኑ ነገር በአይጥም በውሻም በድመትም ስንቴ እንዳየሁት እንጃ፣ ስለዚህ ዛሬ በደንብ ልጻፈው።

ክሊከር ሪሞት ኮንትሮል አይደለም። መጥሪያም፣ ትኩረት መሳቢያም፣ ማስጠንቀቂያም አይደለም። ክሊክ ማለት "አሁን፣ በዚህች ቅጽበት ያደረግሽው ልክ ነው፣ ጉርሻሽ እየመጣ ነው" ማለት ነው፣ በቃ፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ድምጹ ብቻውን ለእንስሳ ባዶ ነው፣ ትርጉም የሚያገኘው ምግብ ስለሚከተለው ነው። መጀመሪያ ምንም ሳንጠይቃት ክሊክ ጉርሻ፣ ክሊክ ጉርሻ እያልን ከ15 እስከ 20 ጊዜ የምንደጋግመው ለዚህ ነው። አሜሪካዊው የስነ ልቦና ተመራማሪ ቢ.ኤፍ. ስኪነር በፈረንጆች 1951 እንስሳ እንዴት እንደሚሰለጥን ለተራ ሰው ሲያስረዳ ቀጭ የሚል የልጆች መጫወቻ ተጠቀሙ ብሎ ነበር፣ እሱም ከሁሉ በፊት ያስቀደመው ድምጹንና ምግቡን ማያያዝን ነው። ይሄን ካያያዛችሁ በኋላ ክሊክ አድርጋችሁ ሳትሰጡ በቀራችሁ ቁጥር የገነባችሁትን በገዛ እጃችሁ እያፈረሳችሁ ነው! "ተሳስቼ ክሊክ ባደርግስ?" ትሉኛላችሁ። ስጡ። የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ፣ እሷ ግን ቃላችሁን ሰምታለች። "ክሊክ ሲል ስለምትመጣ መጥሪያ ይሆናል እኮ" የሚለኝም አለ፣ አዎ ትመጣለች፣ ግን ክሊክ ስትሉ እሷ ምን እያደረገች ነበር? ሽቦ እየነከሰች ከነበረ ሽቦ መንከስን ሸለማችሁ ማለት ነው። በጣም ስለተደሰተ ሶስቴ የሚጫነውም እንደዛው ነው፣ ከሶስቱ የቱ ልክ እንደነበር በምን ትወቅ? አንድ ክሊክ ብቻ። ደስ ካላችሁ ከክሊኩ በኋላ አምስት ትንንሽ ጉርሻ አከታትላችሁ ስጡ። ክሊከሩን ደሞ ህጻን ከማይደርስበት አስቀምጡት፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንጫጫው ከዋለ ማታ ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ ያለው እኔም ወራት ሙሉ ስሰራው የኖርኩት ስህተት ነው። ዳማ የምትባል ቡናማ አይጥ ነበረችኝ፣ በኋላ እግሯ እንድትቆም እያስተማርኳት ትቆማለች፣ እኔ ክሊክ የማደርገው ግን መውረድ ስትጀምር ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በጣም ፈጣን ቁጢጥ ብድግ ተማረች፣ መቆሙ ቀረ፣ እሷ ግን ያስተማርኳትን በትክክል ነበር የምታደርገው። ራሴን በቪዲዮ ሳየው ችግሩ እጄ ነበር፣ ከክሊኩ በፊት ወደ ምግቡ ዕቃ ይሄዳል፣ እሷም ድምጹን ትታ እጄን ነው የምትከታተለው። አሁን ህጌ አንድ ነው፦ እጅ ዝም፣ ክሊክ፣ ከዛ እጅ ይንቀሳቀስ። ጉርሻው አንድ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ችግር የለውም፣ ክሊኩ ግን መዘግየት የለበትም። ያለ እንስሳ ተለማመዱ፣ አንድ ሰው ኳስ ያንጥርላችሁ፣ እናንተ መሬት በነካች ቅጽበት ክሊክ አድርጉ። ቦብ ቤይሊ የሚባለው ታዋቂ አሰልጣኝ ሰዎችን በዶሮ ያሰለጥን የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ዶሮ በጣም ፈጣን ስለሆነች የዘገየ እጅ ወዲያው ይጋለጣል።

ስለ ድምጹ። እኛ የምንሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው፣ አይጥ ግን እስከ 80 አካባቢ ትሰማለች፣ ለውሻ ተብሎ የተሰራው ባለ ብረት ክሊከር ለሷ ጆሮ ሌላ ነገር ነው። ሻሼ የምትባለዋን ነጯን አይጤን በመጀመሪያው ቀን አጠገቧ ጠቅ ሳደርግባት ሶፋ ስር ገብታ ቀረች፣ ክሊከሩን በእጄ ካየች እንኳን ለሶስት ሳምንት አትቀርበኝም ነበር፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል። መጫን የሚችል እስክሪብቶ ይበቃል። ወይ ክሊከሩን በካልሲ ጠቅልሉት፣ ወይ በምላሳችሁ ቀጭ በሉ፣ ዋናው ሁሌም አንድ አይነት መሆኑ ነው። የዶልፊን አሰልጣኞች የሚጠቀሙት ፊሽካ ነው፣ መስማት ለማይችል ውሻ አውራ ጣት ማሳየት ይሰራል፣ ለአሳ ደሞ የባትሪ ብልጭታ።

ጉርሻው ትልቅ ሲሆን ስልጠናው ያልቃል። አይጥ ትልቅ ቁራሽ ስታገኝ ተሸክማው ሄዳ ትደብቃለች፣ ተፈጥሮዋ ነው፣ እናንተ እስክትመለስ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ትበቃለች፣ ወይ ከማንኪያ ጫፍ አንዴ ትላስ። ተጠንቀቁ፣ የኦቾሎኒ ቅቤን ጠቅልላችሁ እንዳትሰጡ! አይጥ ማስመለስ አትችልም፣ የሚጣበቅ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ከተያዘ ሊያንቃት ይችላል፣ ከተሰጠም ማንኪያ ላይ በስሱ ተቀብቶ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አይጦችን ክብደታቸውን ቀንሰው እንደሚያሰሩ ሰምቶ የሚያስርብም አጋጥሞኛል። ቤት ውስጥ ለምትኖር አይጥ ይሄ ፈጽሞ አያስፈልግም፣ ከማታ ምግቧ በፊት ብታሰለጥኗት በቂ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ አታሰልጥኑ፣ የአንዷን ክሊክ ሌላዋም ትሰማለች። ቀን ተኝታ ስትቀሰቅሷት ስልጠና የለም። ከሶስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ስትሰለች ሳይሆን ገና ሳትጠግበው አቁሙ። ጅራቷን ይዞ ማንሳትን ደሞ አልነግራችሁም መቼም፣ የጅራቷ ቆዳ ተገፎ ሊወጣ ይችላል።

ሌላው ትልቁ ትዕግስት ማጣት ነው። ዛሬ ዘንጉን (እንድትነካው የምንይዝላትን ቀጭን እንጨት) በአፍንጫዋ ነካች ብሎ ነገ ዋሻ፣ መሰላልና ቀለበት ደርድሮ "ዝለይ" የሚል ሰው። የአይጥ አይን ደካማ ነው፣ ቀይ አይን ያላቸው ነጮቹ ደሞ ይብስባቸዋል፣ ዘንጉን ክንድ አርቃችሁ ይዛችሁ "አላየችውም" አትበሉ፣ አፍንጫዋ ስር አምጡት፣ ከዛ በጣት በጣት አርቁት። ከአስር ሙከራ ስምንቱን ካገኘችው አንድ እርከን ጨምሩ፣ ደጋግማ ከሳተች ወደ ኋላ ተመለሱ፣ መመለስ ነውር አይደለም። ታንዛኒያ ያለው አፖፖ የሚባለው ድርጅት ጉንጫቸው ውስጥ ከረጢት ያላቸውን ግዙፍ የአፍሪካ አይጦች የተቀበረ ፈንጂ እንዲያሸቱ ሲያሰለጥን መጀመሪያ የሚያስተምራቸው ክሊክ ማለት ምግብ መሆኑን ነው፣ ሽታው የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ስልጠናው በጥቅሉ ወራት ይፈጃል። በፈረንጆች 2020 የወርቅ ሜዳሊያ የተሸለመው ማጋዋ የተባለው አይጣቸው ካምቦዲያ ውስጥ ከ100 በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ ያገኘው በዚህ መንገድ አልፎ ነው። እናንተ ደሞ በሶስት ቀን ቀለበት ትላላችሁ።

ቃል አስቀድሞ መጥራትም አለ። "ዙሪ ዙሪ ዙሪ" እያሉ መለመን፣ እሷ ገና መዞሩን ሳታውቀው። መጀመሪያ ድርጊቱ ይምጣ፣ ሳይዛነፍ መደጋገም ሲጀምር ያኔ ቃሉን ልትዞር ስትል ቀድማችሁ ትሉታላችሁ።

ስትሳሳት "እሽ" ማለት፣ መንፋት፣ መምታት? አንዴም አታድርጉት።

ከአይጥ ወደ ሌላ እንስሳ ስትሻገሩ ህጉ ያው ነው፣ እንስሳው ግን ሌላ ነው። ፈረስ ኪሳችሁን በአፉ መፈተሽ ከጀመረ ጉርሻውን በተሳሳተ ሰዓት እየሰጣችሁ ነው፣ የመጀመሪያ ትምህርቱ አንገቱን ከእናንተ ማዞር ይሁን፣ ሲያዞር ክሊክ፣ ጉርሻውንም ራቅ አድርጋችሁ ስጡት። ድመት ተነስታ ከሄደች ሴሽኑ አልቋል፣ አትከተሏት። ከተፈጥሮ ጋርም ግብግብ አትግጠሙ። የእንስሳት አሰልጣኞቹ ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ በፈረንጆች 1961 እንደጻፉት፣ ሳንቲም ዕቃ ውስጥ እንዲጨምር ያስተማሩት ራኩን የሚባል የአሜሪካ የዱር እንስሳ ሳንቲሞቹን ምግብ እንደሚያጥብ እያፋተገ አልለቅ ብሏቸው ነበር። አይጥም ነገር ወደ ጎጆዋ መጎተት ትወዳለች፣ እንግዲህ ያንኑ ተጠቀሙበት፣ ዕቃ ማምጣት ከምታስተምሯቸው ሁሉ ቀላሉ ነው።

መጨረሻ ላይ፣ ሰውነቷን እዩ። አይኗና አፍንጫዋ ዙሪያ ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ ከታየ ደም አይደለም፣ ግን ጭንቀት ወይ ህመም ሊሆን ስለሚችል ስልጠናውን ትታችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩአት። የአይጥ ዕድሜ ሁለት ሶስት ዓመት ነው፣ ስታረጅ የኋላ እግሯ ይደክማል፣ የሚገርመኝ በዛ ዕድሜዋም ትናንት የምትዘለውን እንድትዘል የሚጠብቅ ሰው አለ። ዳማ ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ መቆሙንም መዝለሉንም ተውነው፣ ዘንጉን ተኝታበት ያለችው ጨርቅ ላይ አወርድላታለሁ፣ በአፍንጫዋ ትነካለች፣ ክሊክ፣ ከማንኪያው ትልሳለች፣ ደጋግማ ትፈልግ ነበር።