አንዱ ሰርቨር ሌላውን አላስገባ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ቢሯችን ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት አንዱ ሰርቨር በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ በምስጠራ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሚያስገባው ፕሮግራም) ወደ ሌላው ይገባና ባክአፑን፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂውን፣ ገልብጦ ይወጣል። አንድ ጠዋት ማኪያቶዬን ይዤ ስገባ ባክአፑ የለም። ስክሪኑ ላይ ያለው «ፐርሚሽን ዲናይድ» (መግባት አልተፈቀደልህም) ብቻ ነው። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ጥፋቱም የኔው ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው ስህተት ሊገባ የሚሞክረውን ሰርቨር ብቻ መመርመር ነው። እሱ ምን ያውቃል? በር የተዘጋበት እሱ ነው። የከለከለው ወገን ምክንያቱን ለእንግዳ አይዘረዝርም፤ ቢዘረዝር ሌባን መርዳት ይሆናል። በራሱ ሎግ (የሆነውን ሁሉ በሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ግን ይጽፈዋል። ኡቡንቱና ከ12 በፊት ባሉት ዴቢያኖች ላይ «ኦውዝ ዶት ሎግ»ን፣ ሬድ ሃት ላይ «ሴኪዩር» የሚባለውን ፋይል ክፈቱ። ሊገባ ከሚሞክረው በኩል ደግሞ ትዕዛዙ ላይ ሦስት «ቪ» (-vvv) ጨምሩ፤ የትኛውን ቁልፍ (በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያስገባውን ፋይል) እንዳቀረበ ያሳያችኋል።

እኔም ሎጉን ዘግይቼ ስከፍተው የሆም ፎልደሩ (የዩዘሩ የግል ፎልደር) ፐርሚሽን ልክ አይደለም ይላል። ለካ ባልደረባዬ ፋይል እንዲያስቀምጥበት ብዬ ለግሩፑ የመጻፍ መብት ሰጥቼ ነበር። ኤስኤስኤች ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ፎልደር ውስጥ ያለን ቁልፍ አያምንም፤ ማንም የራሱን ቁልፍ ሊያስገባበት ይችላላ! ብዙዎቻችን ግን እምቢ ሲለን ቶሎ 777 (ማንም እንዲያነብና እንዲጽፍ የሚፈቅደውን) እንሰጣለን። ይኸኔ ጭራሽ ይብሳል። የኤስኤስኤች ፎልደሩ 700 (ባለቤቱ ብቻ የሚገባበት)፣ የተፈቀዱት ቁልፎች የሚቀመጡበት ፋይል 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ይሁን። ሆም ፎልደሩ ላይ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይጻፍ።

«እኔ ስሞክረው ይሠራል» የሚለውም ጉደኛ ነው። እናንተ ስትሞክሩት ኤጀንቱ (ቁልፍ የሚይዝላችሁ ፕሮግራም) በፓስፍሬዙ፣ ማለትም በቁልፉ ይለፍ ቃል፣ የተከፈተውን ቁልፍ ይዞላችኋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለክሮን (ሥራን በሰዓቱ በራሱ ለሚያስጀምረው ፕሮግራም) ማን ይይዝለታል? በሱዶ (ትዕዛዝን በዋናው አስተዳዳሪ ስም በሚያስኬደው) ከሞከራችሁት ደግሞ የሩትን፣ ማለትም የዚያን አስተዳዳሪ፣ ቁልፍ ነው የምትፈትሹት። ሥራውን በሚሠራው ዩዘር ሆናችሁ ሞክሩ። ለባክአፕ ፓስፍሬዝ የሌለው የብቻው ቁልፍ ስጡት፤ ከየትኛው አይፒ እንደሚገባና የትኛውን ትዕዛዝ ብቻ እንደሚያስኬድ ግን ገድቡት።

ፐብሊክ ኪ (ከቁልፉ ጥንድ ለሚገባበት ሰርቨር የሚሰጠውን) ስትለጥፉ ሁለት መስመር ላይ እንዳይሰበር። አንድ መስመር ነው፣ በቃ። ኤጀንታችሁ ውስጥ ቁልፍ ካበዛችሁም ትክክለኛው ተራ ሳይደርሰው በሩ ይዘጋል፤ የተለመደው የሙከራ ገደብ 6 ነው።

ሲስተም አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ የድሮ ሰርቨር ካኮረፈ አርኤስኤ (የተለመደው የድሮ የቁልፍ ዓይነት) ሞተ አትበሉ። ኦፕን ኤስኤስኤች 8.8 በ2021 የዘጋው በሻ-1 (በደከመው የድሮ የፊርማ ስልት) የሚፈረመውን ነው። ሰርቨሩ አዲሱን ሻ-2 የሚያውቅ ከሆነ ያው ቁልፍ በሱ ይሠራል። ለአዲስ ቁልፍ ግን እኔ ኢዲ25519 የተባለውን የቁልፍ ዓይነት እመርጣለሁ።

የሰርቨሩ መታወቂያ ተቀይሯል የሚለው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የድሮውን መስመር ሰርዞ ማለፍ ልማድ ሆኗል። አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩን እንደ አዲስ የጫነው ሰው ነው ምክንያቱ። እሱን ደውላችሁ ጠይቁት፣ ፊንገርፕሪንቱንም (የሰርቨሩን ቁልፍ አጭር መለያ) ያንብብላችሁ። መሀል ላይ ገብቶ ሰርቨሩን መስሎ የሚቀበላችሁ ሰው ቢኖርስ?

የመጨረሻው ስህተት፣ የኤስኤስኤችን ኮንፊግ (የቅንብር ፋይሉን) ነክቶ፣ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጎ መስኮቱን መዝጋት። መጀመሪያ «ኤስኤስኤችዲ ዳሽ ቲ» (sshd -t) ብላችሁ ኮንፊጉን ፈትሹ። ከዚያ የገባችሁበትን ሳትዘጉ በሌላ መስኮት ግቡ። ሪስታርት ቢደረግም ክፍት የሆነው መስመር አይቋረጥም፤ መመለሻችሁ እሱ ነው። እኔ አንድ እሑድ ማታ ከቤት ሆኜ አንድ ፊደል ሳትኩና ዘጋሁት። ከአራት ኪሎ በፒያሳ አድርጌ ቸርችልን ቁልቁል ወረድኩ። ጥበቃው በባትሪ ፊቴን አብርቶ «ደግሞ ምን ረሳህ?» አለኝ።