በዕዳ ተከሰው ያለ ጠበቃ እንዴት ይከራከራሉ?

ደሴ ወይም ወልድያ ላይ በ20 እና በ30 ሺህ ብር ዕዳ ለተከሰሰ ሰው ጠበቃ መያዝ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ደግነቱ ሕጉ ራስዎ ቆመው እንዲከራከሩ ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ ክስ በአብዛኛው የሚበላሸው ችሎት ላይ ንግግር ስለጠፋ አይደለም፤ መልስ በጊዜውና በአግባቡ ስላልተጻፈ ነው።

መጀመሪያ መጥሪያውን ይቀበሉ። አልቀበልም ማለት ክሱን አያስቀረውም። የመዝገብ ቁጥሩን፣ መልስ የሚያስገቡበትን ቀንና ቀጠሮውን ለይተው ይያዙ። ቀጠሮው ገበያ ቀን ላይ ቢውል እንኳ ገበያው ይቅርብዎ። ካልቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት ሊታይ ይችላል። በበቂ ምክንያት ቀርተው ከተፈረደብዎ፣ ፍርዱን ባወቁ በ1 ወር ውስጥ እንዲነሳ ያመልክቱ።

ቀጥሎ የመከላከያ መልስዎን ይጻፉ። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። በደፈናው «ክሱ ሐሰት ነው» ማለት አይበቃም፤ ለይተው ያልካዱት ነገር እንዳመኑት ይቆጠራል። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ 30,000 ብር አበድሬ አልተመለሰልኝም ብሎ ከሰሰዎ እንበል። እውነቱ ሌላ ከሆነ እንዲህ ይጻፉ፦ «የተበደርኩት 20,000 ብር ነው። 12,000 ብር በባንክ መልሻለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። የቀረብኝ 8,000 ብር ነው።» ያለብዎትን ማመን አይጎዳዎትም። እንዲያውም የቀረው ቃልዎ ይታመናል።

በእኛ አገር ገንዘቡ በእጅ ተሰጥቶ፣ «አላህ ይስጥልኝ» ተብሎ የሚያበቃ ብድር ብዙ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ግን ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ይረጋገጣል ይላል። ከሳሽ የያዘው የሰው ምስክር ብቻ ከሆነ ይህን በመልስዎ ላይ ያንሱ። ደንቡ ለእርስዎም ያው ነው፦ ከፍያለሁ የሚሉም ደረሰኝ ወይም የባንክ ወረቀት ያዘጋጁ። ጉዳዩ ወደ መሐላ ከሄደ እባክዎ በሐሰት አይማሉ። ለ8,000 ብር ሲባል ቁርኣን ወይም መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መዋሸት አይገባም።

ዕዳው የቆየ ከሆነ ይርጋን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ያስቡ። የውል ዕዳ በመደበኛው በ10 ዓመት ይታገዳል። ዳኛው በራሱ አያነሳልዎትም፤ በመጀመሪያው መልስዎ ካልጠቀሱት መብቱ ያልፋል።

መልሱን ፈርመው፣ ማስረጃውን ዘርዝረው፣ ለፍርድ ቤቱና ለከሳሽ በቂ ቅጂ አድርገው ለሬጅስትራር (ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ያስገቡ። አንዱን ቅጂ ማኅተም አስመትተው ለራስዎ ያስቀሩ።

ችሎት ላይ ቆመው፣ ለዳኛው ብቻ ይናገሩ። ከከሳሽ ጋር አይመላለሱ። የተጠየቁትን ይመልሱ፣ ወረቀቱን ያሳዩ፣ ይብቃዎ። ቋንቋው የሚያስቸግርዎ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ሽማግሌ ገብቶ ከታረቃችሁ በጣም ጥሩ ነው፤ የወሎ ሽምግልና ስንት ቤት አትርፏል። ግን እርቁን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ መዝገቡ ላይ አስመዝግቡት። አለዚያ ክሱ በተዘጋ ማግስት ክርክሩ እንደገና ሊነሳ ይችላል።

ከተፈረደብዎና ቅር ካልዎት የፍርዱን ግልባጭ ወዲያው ይጠይቁ። ይግባኝ ማለት የሚችሉት ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው።