እምቦጭ ተነቅሎ ለምን ይመለሳል? የጣና ዳር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ የውሃ አረም ጣና ላይ በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አገራችን ግን ከዚያ በፊትም ገብቷል፤ ቆቃና አዋሽ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያውቁታል። የትውልድ አገሩ የአማዞን ተፋሰስ ነው። እዚያ የሚበሉት ነፍሳት አሉ። እዚህ ግን ሃይ ባይ የለውም።

መጀመሪያ፦ እውነት እምቦጭ ነው?

የቅጠሉን ዘንግ ቁረጡት። ውስጡ አየር የሞላው ስፖንጅ ከሆነ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ከስር ጥቁር፣ ጭራ የመሰለ ሥር ይንጠለጠላል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ከላይ ባለችው የአበባው ቅጠል ላይ ቢጫ ምልክት አለች። ይህ ከሌለ እጃችሁን ሰብስቡ። ደንገልን አብሮ የሚያጭድ ሰው አይጠፋም፤ ደንገል ግን የዓሣ መጠለያ ነው፣ የታንኳም መሥሪያ።

ምልክት፦ መረቡ ባዶ ይወጣል፣ ዓሣው ውሃው ላይ አፉን ይከፍታል

አረሙ ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃን ወደ ታች አይገባም። ከስር ያለው አልጌ ኦክስጅን መሥራት ያቆማል። የሞተው እምቦጭ ደግሞ ሲበሰብስ የቀረውን ይጨርሰዋል። አምባዛ ከላይ አየር መሳብ ስለሚችል ይቋቋማል። ቀረሶ ግን አይችልም፤ ደግሞም የሚራባው ዳር ዳሩን ነው፣ አረሙ በሚተኛበት ቦታ።

መፍትሄው ቦታ መምረጥ ነው። ሁሉንም በአንዴ ለማጽዳት አትሞክሩ። የርብ፣ የጉማራና የመገጭ ወንዞች አፍ ይቅደም፤ ብዙ የጣና ዓሣ ክረምት ላይ እንቁላሉን ለመጣል በእነሱ ሽቅብ ይወጣል። የነቀላችሁትንም እዚያው ውሃ ውስጥ አታስምጡት፤ ብስባሹ ሌላ ችግር ነው።

ምልክት፦ ጸድቶ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ መጣ

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ የተጋለጠው ጭቃ ላይ ይበቅላል፣ ክረምት ሲመጣ ተነስቶ ይንሳፈፋል። ሦስተኛ፣ ዳር ላይ የተከመረው ክምር ውሃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። ይቺ ሦስተኛዋ እንኳን በእጃችን ነበረች!

ስለዚህ አትክተፉት፤ ከነሥሩ ሳቡት። ክምሩን ክረምት ውሃው ከሚደርስበት በላይ አርቁት፣ አድርቁት፣ ከዚያ አቃጥሉት። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ተመለሱ፣ አዲሱን ቡቃያ ልቀሙ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ብዙ ሺህ ሰው ወጥቶ ፎቶ ተነስቶ ከሚበተን ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ሃያ ሰው ይሻላል። ማሽን ጥልቁ ላይ ጥሩ ነው፤ ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ግን ሥራው የእጅ ነው። ቢልሃርዝያ ስላለ ያለ ቦቲ አትግቡ።

ምልክት፦ በደንብ ተነቅሎም በየዓመቱ ይወፍራል

ያኔ ችግሩ ሐይቁ ውስጥ አይደለም፣ የብስ ላይ ነው። ከእርሻ የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከጎንደርና ከባህር ዳር የሚወርደው ፍሳሽ ሁሉ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ጣና ይገባል። እኛ ከላይ እየነቀልን ከስር እናበላዋለን ማለት ነው። እርከን፣ የወንዝ ዳር ዛፍና ሣር፣ ፍሳሽን ማጣራት፤ ዘመቻ የማይጠራላቸው ሥራዎች ናቸው፣ መፍትሄው ግን እዚያ ነው።

ኬሚካል ይረጭ የሚሉ አሉ። አይሆንም፤ ውሃው ይጠጣል፣ ያ ሁሉ አረም በአንዴ ሞቶ ሲሰምጥም ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እምቦጭ የሚበላ ጥንዚዛ ተለቅቆ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረሙ በጣም ቀንሶ ነበር። ጨርሶ አልጠፋም፣ በኋላም አገርሽቷል። ይህ ግን የባለሙያና የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ማንም ከሌላ ቦታ አምጥቶ አይልቀቅ።

ምልክት፦ ከብቱ በልቶት ይከሳል፣ ያስቀምጠዋል

እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ግጦሹ ስለተሸፈነ ከብቱ ሌላ ምርጫ ከሌለው አጠውልጋችሁ ከገለባ ጋር ቀላቅሉለት። ከከተማ ፍሳሽ አጠገብ የተነቀለውን ግን ጨርሶ አትስጡ፤ ተክሉ ከባድ ብረቶችን ከውሃው ይሰበስባል።